ስለ ጭርትና ስለ ቆረቆር

በአቃቂ ቃሊቲ፥ እንደ ሌላውም አገር፥ በልጅ ገላ ላይ ጭርት በወጣ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ከንቱ አይደለም፤ በተወቀጠው ሽንኩርት ያለው አሊሲን የሚባለው ነገር ፈንገሱን ያዳክማልና። ነገር ግን በጨርቅ ታስሮ ያደረ እንደ ሆነ ቆዳውን እንደ እሳት ይልጠዋል።

የራስ ቆረቆር ግን ሌላ ነው። ፈንገሱ በጠጕር ሥር ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም፤ ሐኪም የሚያዝዘውን እንደ ግሪሴኦፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። ልጆችን ሁሉ በአንድ ምላጭ መላጨትም በሽታውን ያጋባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጭርት መስሎ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ነው። ይህ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። መምህሩ የልጁን ዓይን አስጨፍኖ ምልክቱን በላባ ጫፍ ይንካው፤ ካልተሰማው ሽንኩርቱ ይቅርና ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ወይም በ1958 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው በዘነበ ወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ይወሰድ። መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይሰጣል።