ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም? ፍሪሲዮኑን ፈትሹ

ወደ እንጦጦ በኩል ዳገት ስትወጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሸራ ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ችግሩን ለዩት።

👉 ሸራው አልቆ ይሆን?
ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የእግር ፍሬኑንም ርገጡ። 3ኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይይዛል። ካልጠፋ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። አትደጋግሙት፣ ሙከራው ራሱ ሸራ ይበላል።

👉 ማርሽ አልገባ ይላል?
በተለይ የኋላ ማርሽ ከጮኸ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው። ፔዳሉ ወርዶ ከቀረ ዘይት እያፈሰሰ ወይም አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ሳይወርድ ይሠራል። ግን ችላ አትበሉት፦ በአንዳንድ መኪኖች ፍሪሲዮንና ፍሬን ዘይት የሚያገኙት ከአንድ ዕቃ ነው።

👉 ፔዳል ስትረግጡ ብቻ ይጮሃል?
ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

ለምን ቶሎ ያልቃል? አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ዳገት ላይ ነዳጅ እየሰጠን መኪናውን በፍሪሲዮን ይዘን እንቆማለን፤ ሸራውን የሚጨርሰው ይሄ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከማርሽ አውጡና በእጅ ፍሬን ያዙት።