ስድስት ሚሊ ሜትር

ወጣቱ ሯጭ ነበር። ሜይ 14 ቀን 1993 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ እጮኛው ቀብር በመኪና እየሄደ ሳለ ትንፋሽ አጠረው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጋለፕ ከተማ ወዳለው የነባር አሜሪካውያን ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሞቹ ተረባረቡ፤ አልተረፈም። ሳንባው በፈሳሽ ተሞልቶ ነበር።

እጮኛውም ከጥቂት ቀናት በፊት የሞተችው እንደዚሁ ትንፋሽ አጥሯት ነው። የግዛቱ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ሁለቱን ሞት ሲያገናኝ ነገሩ ከበደው። በነባር አሜሪካውያን ጤና አገልግሎት የሚሠሩት ዶክተር ብሩስ ቴምፐስት ከቢሮው ጋር ሆነው በአካባቢው ሲያጠያይቁ በሰዓታት ውስጥ በተመሳሳይ ሁኔታ የሞቱ አምስት ሰዎች ተገኙ። ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ።

ይህን ታሪክ የማነሣው የበረዶውን ወራት ቆሞ የከረመ ሞተርሆሙን ከፍቶ መጥረጊያ ለማንሣት ለሚቸኩል ሰው ነው። ሞተርሆም አልጋውንም ኩሽናውንም መታጠቢያውንም ይዞ የሚጓዝ መኪና ነው፤ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ብዙው ከመኸር እስከ ፀደይ ተቆልፎ ይቆማል። ባለቤቱ ሲመለስ መሳቢያው ውስጥ የአይጥ ኩስ፣ ፍራሹ ሥር የተበጣጠሰ ጨርቅ ያገኛል። ይበሳጫል፣ ይጠርጋል፣ ይረሳዋል። ያ መጥረግ ለምን አደገኛ እንደሆነ የታወቀው በዚያ በ1993ቱ ፀደይና በጋ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቸነፈር ነበር፤ በዚያ አካባቢ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያልና። ምርመራው ነፃ ነው አለ። ኢንፍሉዌንዛ እንዳይባል ወቅቱ አልፏል። የአረም ማጥፊያ መርዝ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከጦር ሠራዊት ያመለጠ ነገር ነው የሚል ወሬም ተነዛ። ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ዩታና ኮሎራዶ በሚገናኙበት በዚያ ምድር ከታመሙት ብዙዎቹ የናቫሆ ሕዝብ ተወላጆች ስለነበሩ ጋዜጦች በሽታውን በሕዝቡ ስም ጠሩት። ወዲያው ሰዎች ናቫሆዎችን ይሸሹ ጀመር፤ ሐዘን ላይ የተቀመጡ ቤተሰቦች በካሜራ ተከበቡ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ያኔ ግን አይጧ ገና አልታወቀችም።

ከሟቾቹና ከታመሙት የተወሰደው ናሙና አትላንታ ወደሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ወደ ሲዲሲ ተላከ። የልዩ ተሕዋስያን ክፍሉ ባልደረቦች ደሙን ከብዙ የቫይረስ ዓይነቶች ጋር አስተያዩት። በጁን መጀመሪያ አንድ መልስ መጣ፤ ማንም አልጠበቀውም። ደሙ ከሃንታቫይረስ ወገን ጋር ይዛመዳል።

ሃንታቫይረስን ዓለም የሚያውቀው ይበልጡን ከሩቅ ምሥራቅ ነበር። የእኛም የቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮሪያ ጦርነት ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ኩላሊት በሚያደክምና ደም በሚያፈስ ትኩሳት ታመው ነበር። መንሥኤው ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በ1976 ኮሪያዊው ተመራማሪ ሆ ዋንግ ሊ በሃንታን ወንዝ አካባቢ ከተያዘች የእርሻ አይጥ ሳንባ ውስጥ አገኙት። ስሙም ከወንዙ መጣ። አሁን ጥያቄው ኩላሊት ያጠቃ የነበረው ወገን አሜሪካ ላይ ሳንባ የሚያጠቃ ዘመድ ከየት አገኘ የሚል ሆነ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር። ሃንታቫይረስ ከሆነ፣ ምንጩ አይጥ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወጥመድ ይዘው ወደ ሟቾቹ መንደር ወረዱ። በቤቱ ውስጥ፣ በጓሮው፣ በዕቃ ማከማቻው ወጥመድ ዘረጉ። እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ 1,700 ያህል አይጦችና መሰሎቻቸው ተያዙ። ከሁሉ የበዛችው በእንግሊዝኛ ዲር ማውስ የምትባለው የሜዳ አይጥ ነበረች። ጀርባዋ ቡኒ፣ ሆዷና እግሯ ነጭ፣ ዓይኗና ጆሮዋ ለቁመቷ ትልልቅ፣ ጅራቷ ከላይ የጠቆረ ከታች የነጣ። ያየ ሰው ቆንጆ ናት ይላል። ከዲር ማውሶቹ 30 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ እንዳገኛቸው ደማቸው መሰከረ። በታማሚው ሳንባ የተገኘው የቫይረሱ የዘር ቅንጣትና በቤቱ አጠገብ በተያዘችው አይጥ የተገኘው ሲተያዩ አንድ ሆኑ። በኖቬምበር ቫይረሱ ራሱ በቤተ ሙከራ ተለይቶ ወጣ። በሸለቆ ስም ሊጠሩት ሲሉ የአካባቢው ሰዎች እንቢ አሉ፤ በመጨረሻ በስፓኒሽ ሲን ኖምብሬ፣ ስም የለሽ ተባለ።

ለምን በዚያ ዓመት? የዚህ መልስ ቫይረስ ሲያድኑ ካልነበሩ ሰዎች ዘንድ ተቀምጦ ነበር። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች፣ ሮበርት ፓርሜንተርና ባልደረቦቻቸው፣ በሴቪዬታ የምርምር ጣቢያ አይጦችን በየጊዜው ይቆጥሩ ነበር። ከዓመታት ድርቅ በኋላ የኤል ኒኞ ዝናብና በረዶ መጣ፤ ሣሩ በቀለ፣ ፒኞን የሚባለው ጥድ ፍሬውን አንዠረገገ፣ ፌንጣው በዛ። በሜይ 1993 የአይጡ ቁጥር ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው አሥር እጥፍ ያህል ሆነ።

የናቫሆ ሽማግሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ያለ ወጥመድ ያውቁት ነበር። ናቫሆው ሐኪም ቤን ሙኔታ ሄደው ሲጠይቋቸው፣ በ1918ና በ1933 ገደማም ዝናብ በዝቶ፣ ፒኞኑ አፍርቶ፣ አይጥ ሞልቶ፣ ወጣቶች እንደሞቱ ነገሯቸው። በእነርሱ ባህል አይጥ የውጭና የሌሊት ፍጥረት ናት፤ ሰው ከሚኖርበት ልትለይ ይገባል፤ የነካችው ልብስ ይቃጠላል፤ ምግብ ከርሷ ይሸሸጋል። በእኔ እምነት የታሪኩ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ጋዜጣ በበሽታ ስም የሚያዋርዳቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከአያቶቻቸው ተቀብለው ይዘውት ነበር፤ የቀረው ሰሚ ብቻ ነው።

የመተላለፊያው መንገድም ተገለጠ። ቫይረሱ አይጧን አያሳምማትም። በሽንቷ፣ በምራቋና በኩሷ ይወጣል፤ ሲደርቅ ከአቧራው ጋር ይቀላቀላል፤ አቧራው ሲነሣ ሰው ይተነፍሰዋል። ተመራማሪዎቹ የታመሙትን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ደጋግሞ የመጣው ነገር ተዘግቶ የቆየ ቤት መክፈትና ማጽዳት ነበር። መጥረጊያ የሞት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል? ቫይረሱ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይሞታል፤ ብርድ ያቆየዋል። የቆመ ሞተርሆም ውስጥ ያለው ደግሞ ጨለማና ብርድ ነው። ሲዲሲ በጁላይ 1993 ያወጣው የመጀመሪያ መመሪያ ታዲያ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቀዳዳ መድፈንና ስለ አጸዳድ ነበር።

ቀዳዳው የቱን ያህል ክፉ እንደሆነ ግን ለማየት እስከ 2012 መጠበቅ ግድ ሆነ። ካሊፎርኒያ ባለው የዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከሪ ቪሌጅ በሚባለው የእንግዶች ሰፈር ካደሩት መካከል በዚያ በጋ የታመሙ ሰዎች በተለያዩ ግዛቶች ብቅ አሉ። በመጨረሻ የፓርኩ ታማሚዎች 10 ሆኑ፣ 3ቱ ሞቱ። ከአሥሩ ዘጠኙ ያደሩት በአንድ ዓይነት ማረፊያ ነው፤ በ2009 በተተከሉ 91 አዳዲስ የድንኳን ቤቶች። በዚያው ሰፈር ነጠላ ሸራ የለበሱ አሮጌ ድንኳኖች በመቶዎች ነበሩ። አዲሶቹ የሚለዩት ግድግዳቸው ድርብ በመሆኑ ነው፤ እንግዳ እንዳይበርደው በሁለቱ መካከል ፎም ገብቶላቸዋል። መርማሪዎቹ ግድግዳውን ሲፈቱ የአይጥ ጎጆና ኩስ ፎሙ ውስጥ አገኙ። ለእንግዳው ምቾት የተጨመረው ሁለተኛ ግድግዳ ለአይጧ ቤት ሆኗት ነበር፤ እንግዳው ከራስጌው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን አያይም። ኦገስት 28 ቀን ቤቶቹ ተዘጉ፤ ኋላም ፈረሱ።

ስለዚያ ግድግዳ ሳነብ ያሰብሁት ሞተርሆምን ነው። የሞተርሆምም ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ቀጭን ሰሌዳ፣ ፎም፣ ቀጭን ሰሌዳ ነው። ከሥሩ የውኃ ቱቦ፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ የጋዝ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ ይገባበታል፤ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከቱቦው ይሰፋል። የሲዲሲ መመሪያ ድፈኑ የሚለው ከ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለውን ነው፤ ይህ የእርሳስ ውፍረት አይሞላም። አይጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ሲመሽ ውስጡ መብራት ይበራል፤ የማጠቢያው ገንዳና የአልጋው ሥር መዝጊያዎች ይከፈታሉ፤ ሰው ከመኪናው ሥር ይተኛል። ብርሃን ያጮለቀበት ሁሉ የአይጥ በር ነው። ከወጥ ቤቱ ገንዳ በታች ቱቦው ወለሉን የሚበሳበት ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያበራል። የውጭ ኤሌክትሪክ ገመድ የሚወጣበት ትንሿ መስኮት ገመዱ ሲነቀል ክፍት ትቀራለች። መኖሪያውን ለማስፋት ወደ ጎን የሚወጣው ክፍል ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል።

ፎም ብቻውን መንፋት ገንዘብ ማባከን ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስትቦረቡር ይሞረድላታል፤ ፎም ደግሞ ይበላላታል። መጀመሪያ ጥርስ የማይበግረው ይገባል፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ሲሊኮን ተቀብቶ እንዳይነቀል ይታሰራል። ሽቦው እርጥበት በሚያገኘው ቦታ ይዝጋልና ከሥር በኩል የመዳብ መረብ ይሻላል። ሰፊው ቀዳዳ በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ወንፊት ሽቦ ይለበጣል።

ሽታው ያባርራል ተብሎ ስለሚሸጠው ነገር ብዙ ይወራል። የናና ዘይት ቶሎ ይተናል። ናፍታሊን ተቆልፎ በሚከርም ክፍል ውስጥ ሲተን ሰው የሚተኛበትን አየር ይመርዛል። በድምፅ ያባርራሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች በተመለከተ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች ማስረጃ የሌለው ነገር አትናገሩ ሲል ጽፎላቸዋል። መርዝም አልመክርም፤ የበላችው አይጥ ሄዳ የምትሞተው ያው ግድግዳ ውስጥ ነው። ምግቡን እስከ መጨረሻው ብስኩት አውጥቶ፣ በመኪናው ዙሪያ ሣሩን አጭዶ፣ ውስጥ ጥቂት የሚነጥሩ ወጥመዶችን ትቶ በየጊዜው ማየት ይበልጣል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ብዙ ወገኖቻችን የረጅም ርቀት ጭነት መኪና ይነዳሉ፤ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሲሄዱ አልጋ ያለውን መኪና አቁመውት ነው። አገር ቤትም ቢሆን በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ አይጦች ሃንታቫይረስን ጨምሮ የተለያዩ ቫይረሶች እንዳሉ አሳይቷል። በአሜሪካም ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ በ2025 የአሜሪካዊው ተዋናይ የጂን ሃክማን ባለቤት ቤትሲ አራካዋ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ በሚገኘው ቤታቸው በሲን ኖምብሬ በሽታ ሲሞቱ፣ ጤና ባለሙያዎች የአይጥ ምልክት ያገኙት በጋራዦቹ፣ በዕቃ ማከማቻዎቹና ግቢው ውስጥ በቆሙ መኪኖች ነበር።

አይጥ ገብታ ከተገኘች ሥራው በዝግታ ነው። በርና መስኮት ተከፍቶ ለ30 ደቂቃ ሰው ይወጣል። ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም አይነሣም፤ ቱቦው ውስጥ ጎጆ ካለ አየሩ ሁሉንም ክፍሉ ላይ ይረጨዋል። መጥረጊያና ቫኪዩም አይነኩም። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ የጎማ ጓንት ተደርጎ፣ ኩሱና ጎጆው እስኪርስ ይነከራል፤ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ በወረቀት ፎጣ ተነሥቶ በድርብ ፌስታል ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ነው ወለሉ የሚወለወለው።

በሽታው ከያዘ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ድምፁን አያሰማም። ሲጀምር ትኩሳት፣ ድካም፣ የጭንና የወገብ ጡንቻ ሕመም ነው፤ ማንም ጉንፋን ነው ይለዋል። ሳልና የትንፋሽ ማጠር የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ እዚያ ከደረሱት 38 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ። ክትባት የለውም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለም። ቶሎ የደረሰ ታማሚ ግን ሳንባው እስኪያገግም በመሣሪያ ይታገዛል፤ በአልበከርኪ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለደሙ ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን እየሰጠ ብዙዎችን አትርፏል። በጋለፕ የነበሩት ሐኪሞች በ1993 የሚጠይቁትን አያውቁም ነበር። ዛሬ አይጥ የገባበት ሞተርሆም ያጸዳ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከጀመረው፣ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ ሊናገረው የሚገባው ይህንኑ ነው።