የኳንቶክ ኮረብታ መንገደኞች

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ የሠረገላ ዋጋ ያጣ ድኃ ነው፣ ወይ ይጠረጠራል። ገጣሚው ዊሊያም ዎርድስዎርዝ፣ እህቱ ዶሮቲና ጓደኛቸው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ግን የሶመርሴትን የኳንቶክ ኮረብታዎች ወደውና ፈቅደው፣ ቀንም ማታም በእግር ያካልሏቸው ነበር። እህትና ወንድሙ እ.ኤ.አ. በ1797 አልፎክስደን የተባለውን ቤት የተከራዩት ኮልሪጅ ከሚኖርበት መንደር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ነው።

ጎረቤት ዝም አላለም። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ነበር፤ በዚያው ዓመት የካቲት የፈረንሳይ ወታደሮች ዌልስ ጠረፍ ላይ ወርደዋል። ታጣፊ መቀመጫና ደብተር ይዘው የሚዞሩ፣ ወንዙ እስከ ባሕር ጀልባ ያስኬድ እንደሆነ የሚጠይቁ እንግዶች ሰላይ ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ነው? ወሬው ለንደን ደረሰና መንግሥት ነሐሴ ላይ የሚከታተላቸው ሰው ላከ። ሰውየውም ፈረንሳዮች እንዳልሆኑ፣ ነገር ግን በመንግሥት ያኮረፉ እንግሊዛውያን እንደሆኑ ጻፈ። ኮልሪጅ ወንዙን ይከተል የነበረው ግጥም ሊጽፍበት አስቦ ነው። ግጥሙ ሳይጻፍ ቀረ።

ኅዳር ላይ ሦስቱ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርዱ፣ ሁለቱ ገጣሚዎች ለመንገድ ወጪ የሚሆን ግጥም አብረው ጽፈው ለመጽሔት በ5 ፓውንድ ሊሸጡ ተስማሙ። መነሻው አንድ ወዳጃቸው ያየው የመርከብ ሕልም ነው። መርከበኛው አልባትሮስ የተባለውን የባሕር ወፍ ገድሎ ይቀጣ የሚለውን ያመጣው ዎርድስዎርዝ ሲሆን፣ ያገኘውም ከአንድ የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ነው። አብሮ መጻፉ ግን ወዲያው አልሄድ አለ፤ ኮልሪጅ ብቻውን ጨረሰው። ስለ ሽማግሌው መርከበኛ የሚተርከው ይህ ግጥም የሁለቱ የጋራ መጽሐፍ የሆነው «ሊሪካል ባላድስ» በ1798 ሲታተም መክፈቻ ሆነ።

አለመጣጣማቸው በአካሄዳቸውም ይታያል። በዚያው ዓመት የጎበኛቸው ወጣቱ ዊሊያም ሃዝሊት እንደጻፈው፣ ኮልሪጅ ግጥም የሚመጣለት ወጣ ገባ መሬት ሲረግጥ ወይም ቁጥቋጦ ሲሰነጥቅ ነው። ዎርድስዎርዝ ደግሞ ቀጥ ባለ ጠጠር መንገድ ላይ ሲመላለስ።

ከሦስቱ ዓይነ ስለታሟ ዶሮቲ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጋቢት 1798 አንድ ዛፍ ጫፍ ላይ ብቻዋን የቀረች ቅጠል በነፋስ እንደ ጨርቅ ስትሽከረከር አይታ በማስታወሻዋ አሰፈረች፤ ያቺው ቅጠል በኮልሪጅ «ክሪስታቤል» ግጥም ውስጥ ትገኛለች። ወንድሟም እንዲሁ ከማስታወሻዋ ይጠቀም ነበር። ሚያዝያ 1802 በሰሜን እንግሊዝ፣ በአልስዋተር ሐይቅ ዳር፣ ቢጫ የዳፎዲል አበቦችን ያዩት አብረው ሲሄዱ ነው፤ በ1807 በታተመው ዝነኛ ግጥሙ ግን መንገደኛው ብቻውን ነው። የዶሮቲ ማስታወሻዎች ተሰባስበው ለአንባቢ የቀረቡት በ1897፣ እሷ ከሞተች ከ42 ዓመት በኋላ ነው።