ጭርትን ከእከክ መለየት፦ በውሻና በድመት ላይ

ውሻ ግቢያችሁን ይጠብቃል፣ ድመትም እህላችሁን ከአይጥ ትከላከላለች። ሁለቱም ከልጆች ጋር ስለሚውሉ የቆዳ በሽታቸው የቤተሰቡም ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ፀጉሩ የተመለጠ እንስሳ ሁሉ «እከክ ይዞታል» ይባላል። ነገር ግን ጭርት የሚመጣው በፈንገስ ሲሆን፣ እከክ የሚመጣው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

የጭርት ምልክቶች
• ፀጉሩ ክብ ሆኖ ይረግፋል ወይም ከሥሩ ይሰበራል።
• በቦታው ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይታያል፤ ጠርዙም ሊቀላ ይችላል።
• ብዙ ጊዜ ፊት፣ ጆሮ ወይም የፊት እግር ላይ ይጀምራል።
• እምብዛም አያሳክክም።

የእከክ ምልክቶች
• እንስሳው ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ያካል።
• በውሻ ላይ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርንና ሆድ ቀድመው ይጎዳሉ።
• ሲቆይ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጨማደዳል።

ድመት ጭርት ይዟት ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ልጃችሁ ራስ ላይ ቆረቆር ወይም ገላው ላይ ክብ ሽፍታ ከወጣ፣ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ ቤት ያሉትን ድመት፣ ውሻና ጥጃም አስመርምሩ።

በዓይን ማየት ለጥርጣሬ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከቁስሉ ዳር ፀጉርና ቅርፊት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።

እስከዚያው ድረስ
1. የታመመውን እንስሳ ለይታችሁ አቆዩ፤ ልጆች እንዳያቅፉት ተቆጣጠሩ።
2. ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
3. የተኛበትን ጆንያ ወይም ጨርቅ አቃጥሉ፤ የረገፈውንም ፀጉር ጠርጋችሁ አስወግዱ። በፀጉሩ ላይ ያለው የፈንገስ ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።
4. የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ በረኪና ወይም ለከብት መዥገር የሚረጭ መድኃኒት አትቀቡት። እንስሳው ገላውን ስለሚልስ ሊመረዝና ሊሞት ይችላል።

የጭርት ሕክምና ሳምንታት ይወስዳል። ፀጉሩ መብቀል ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ባለሙያው እስካዘዘው ቀን ድረስ ጨርሱ።