«ሁሉንም ተቀበል» ከማለታችን በፊት

ፋፍሳ ሞልተን ስንጨርስ ዩኒቨርሲቲው የርዳታ ዝርዝር ይልክልናል። ብዙዎቻችን ድምሩን ብቻ አይተን፣ አልሐምዱሊላህ ብለን ሁሉንም እንቀበላለን። ችግሩ ግራንቱም ብድሩም «ርዳታ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር መጻፋቸው ነው።

ፔል ግራንት አይመለስም፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ወርክ ስተዲ ሠርተን የምናገኘው ደመወዝ ነው። ብድሩ ግን ወለድ አለው። ሰብሲዳይዝድ የሚባለውን «ወለድ የለውም» ሲሉ እንሰማለን፤ እውነቱ ግን በትምህርት ላይ ሳለን መንግሥት ይከፍልልናል እንጂ ከተመረቅን 6 ወር በኋላ በእኛው ላይ መቁጠር ይጀምራል። አንሰብሲዳይዝድ ደግሞ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

ግራንቱን ተቀብሎ ብድሩን መተው ይቻላል፤ ፔል ግራንት በዚህ ምክንያት አይቀነስም።

ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከክፍያው የተረፈው «ሪፈንድ» ተብሎ ይላክልናል። ስጦታ መስሎን የምናጠፋው ይህ ገንዘብ ብድር ሊሆን ይችላል! ሳያውቅ የተቀበለ ካለ፣ በተለቀቀ በ120 ቀን ውስጥ በሚመልሰው ገንዘብ ላይ ወለድ አይታሰብበትም።

ብድሩን ስንተው የሚጎድለውን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነ ቢሮውን እንጠይቅ። የሑክሙን ጥያቄ ለዑለሞች እንተዋለን፤ ዝርዝሩን ማንበብ የከበደው ግን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይዞት ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን ኢንሻአላህ።