ለራስ ምታት እጅን መውጋት

ቦንጋ ላይ መጽሐፍ ወይም መዝገብ ላይ ሲያጎነብሱ ውለው ራስዎን ቢያምዎ፣ ሐኪሙም መርፌውን ከእጅዎ ላይ ቢሰካው ምን ይላሉ? የአገራችን ዋግምት አጋሚ ቀንዱን የሚደፋው ካመመው ቦታ ላይ ነው። የቻይና የመርፌ ሐኪሞች ግን «ቺ» የሚሉት ኃይል በ12 ዋና መስመሮች በሰውነት ውስጥ ይመላለሳል ይላሉ። አንዱ መስመር ከሌባ ጣት ተነሥቶ ፊት ስለሚደርስ፣ ለራስና ለጥርስ ሕመም የሚወጉት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ የቻይና ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ ይመላለሳሉ፤ በአዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በዚሁ መርፌ አክመዋል።

ታዲያ መስመሮቹ በእርግጥ አሉን? ሬሳ ከፍተው የመረመሩ ሊቃውንት አላገኟቸውም። በጀርመን አገር ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በታተመ ጥናት ከ1,162 የወገብ ሕመምተኞች መካከል በደንቡ ከተወጉት 48፣ ከመስመሩ ውጭ በስሱ ከተወጉት 44፣ በተለመደው ሕክምና ከታከሙት 27 ከመቶ ተሽሏቸዋል። እንግዲህ መርፌው ያስታግሣል፤ የሚያስታግሠው ግን መስመሩ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ስለዚህ መወጋት ቢሹ መርፌው ያልተነካ አዲስ መሆኑን ይመልከቱ። ራስ ምታቱ ትኩሳት ወይም የዓይን መፍዘዝ ካለበት ግን አስቀድመው ቦንጋ ወዳለው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይሂዱ።