ስክሪን ላይ የቀረች ቀይ ነጥብ



አንድ የአያት ወጣት ከዙህር ሶላት በኋላ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ቤቱ ሲከፍተው የማትጠፋ ቀይ ነጥብ አየ። ሻጩ፣ «ፋብሪካውም ይህን ጉድለት አይለውም» አለው።

ነገሩ ከፊል እውነት አለው። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ከ1 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው፤ እያንዳንዱም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው። ከእነዚህ 3 ሚሊዮን ክፍሎች የአንዷ ትራንዚስተር ከተበላሸ ጨልማ ወይም በርታ ትቀራለች። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአይሶ መስፈርት ለሁለተኛ ደረጃ ስክሪን በሚሊዮን ፒክስል 2 ሁልጊዜ የሚበሩ፣ 2 የጨለሙ ይፈቅድ ነበር፤ በ2008 በሌላ ተተካ።

ይህ ግን ሻጭ እያወቀ ዝም እንዲል ፈቃድ አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ ከእህል ክምር ውስጥ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውታል። ፉቀሃዎች ዋጋ የሚቀንስን ዐይብ ሳያውቅ የገዛ ሰው ዕቃውን የመመለስ ኺያር አለው ይላሉ፤ አውቆ ከተስማማ ግን የለውም። ዋጋ መቀነሱን የሚናገሩት የሙያው ነጋዴዎች ናቸውና፣ ወጣቱን ሁለት ሦስቱን እንዲጠይቅ ላክሁት።

ሱቅ ውስጥ የታየው ነጭ ገጽ ብቻ ነበር። ቀይ ነጥብ ነጭ ላይ አትለይም፤ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ጥቁር ገጽ ማስከፈት ነው።